አንድ ዓይነት ስህተት

መምህር ሆኜ መቱ ስገባ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከማሠልጠኛው ይዤ የወጣሁት ሁለት ሱሪ፣ አንድ ካፖርትና ብዙ ሕግ ነው። ካፖርቱ የኢሉባቦርን ዝናብ አንድ ዓመት እንኳ አልቻለውም፤ ሕጉ ግን ከእኔ ጋር ከረመ። ምደባው በዕጣ ስለነበር በማን ላይ እንደምቆጣ አላውቅም ነበርና ቁጣዬን በሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ላይ ተወጣሁት። ያን ጊዜ የነበርኩትን ወጣት ዛሬ መንገድ ላይ ባገኘው ጆሮውን ሳልቆነጥጥ የምለቀው አይመስለኝም።

የመጀመሪያውን ቀን ክፍለ ጊዜ ሙሉውን የፈጀሁት ሰሌዳ ላይ ሕግ ስጽፍ ነው። የቤት ሥራ ለብቻው ደብተር ይኑረው። በግራ በኩል ሁለት ጣት የሚያህል ኅዳግ ይሰመርበት። ጥያቄው ይገልበጥ፣ እርምጃው አንድ በአንድ ይታይ፣ መልሱ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ይሰመርበት። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ የክፍሉ አለቃ ደብተሮቹን ሰብስቦ ጠረጴዛዬ ላይ ይከምር፤ ያልሠራ ልጅ ሳይጠየቅ ቆሞ ይጠብቀኝ። ከሁሉም ይልቅ የኮራሁበት ግን የመጨረሻው ነበር። ሁለት ደብተር ላይ አንድ ዓይነት ስህተት ከተገኘ ሁለቱም ዜሮ ያገኛሉ፤ ሦስት ጊዜ ከተደገመ ደግሞ የሴሚስተሩ የቤት ሥራ ሃያ ነጥብ በሙሉ ይሰረዛል። ትክክለኛ መልስ ለሁሉም አንድ ነው፣ ስህተት ግን እንደየሰዉ ይለያያል፣ ስለዚህ ተመሳሳይ ስህተት ያለ ኩረጃ አይመጣም ብዬ አምን ነበር። ይህን ማንም አላስተማረኝም። ራሴ የፈለሰፍኩት ስለሆነ በጣም እወደው ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ሰማንያ ያህል ልጆች ነበሩ። አንድ ዴስክ ላይ አራት ሆነው ይቀመጣሉ፣ የሒሳቡ መጽሐፍም ለአራት አንድ ነው። ዝናብ ሲመጣ የጣሪያው ቆርቆሮ ስለማያነጋግር እኔ ዝም ብዬ እጽፋለሁ፣ እነሱ ዝም ብለው ይገለብጣሉ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ አድርጌ ያስተማርኩት በእነዚያ ቀናት ሳይሆን አይቀርም።

በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ዴስክ ላይ ሶር ከሚባለው ገጠር አቅጣጫ የሚመጡ አራት ልጆች ይቀመጡ ነበር፤ ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል በእግራቸው ይመጣሉ፣ ከሰዓት በኋላ ያንኑ ያህል ይመለሳሉ። ልጅቷ ትምህርት ዘግይታ ስለጀመረች ከሦስቱ በዕድሜ ከፍ ትላለች። እጇን አታወጣም፣ ስትጠራ ግን ተነሥታ ዝግ ባለ ድምፅ ትመልሳለች፤ መልሷም ብዙ ጊዜ ትክክል ነው።

አባቷን ያወቅኋቸው ገና በመስከረም ነው። የገበያ ቀን ነበር፤ ማራቸውን ሸጠው ሲመለሱ ወደ ትምህርት ቤቱ ጎራ አሉ። እሳቸው አማርኛ አይሰሙም፣ የእኔም ኦሮምኛ ያኔ ከሰላምታ አያልፍም ነበርና የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አስተረጎመን። ከሴት ልጆቻቸው ትምህርት ቤት የገባችው እሷ የመጀመሪያዋ መሆኗን፣ መንገዱም ሩቅ እንደሆነና ቤት ውስጥም የሚያግዝ ሰው እንደሚያንስ ነገሩኝ። ቢሆንም ስለምትወደው ፈቅደውላታል። ከትምህርት ቤት የሚያስቀሯት በሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ካርዷ ላይ ቀይ ካዩ፣ ወይም ስሟ በክፉ ሲነሣ ከሰሙ። ማንበብ አይችሉም፤ ከሃምሳ በታች የሆነ ውጤት በቀይ እስክሪፕቶ እንደሚጻፍ ግን ያውቃሉ፣ ቀይ ደግሞ ለማያነብም ሰው ይታያል። አነጋገራቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። እኔ እንደ ትልቅ ሰው ራሴን ስነቀንቅ ልጅቷ ከዘበኛው ጀርባ ቆማ እያንዳንዱን ቃል ትሰማ ነበር።

ጥቅምት ላይ አራቱ ደብተሮች አንድ ዓይነት ስህተት ይዘው መጡ። ጥያቄው ቀላል ነው። ሁለት ኤክስ ሲደመር ስድስት ሃያ ይሆናል፣ ኤክስ ስንት ነው የሚል ነው። መልሱ ሰባት ነው፤ አራቱም አሥራ ሦስት ብለው ከሥሩ በሕጌ መሠረት ሁለት ጊዜ አስምረውበታል። ስድስቱን ወደ ማዶ ሲያሻግሩት ምልክቱን መቀየር ረስተዋል፣ አራቱም እዚያው ቦታ ላይ፣ አራቱም በዚያው እርምጃ። ሕጌ ሥራ ስላገኘ ደስ አለኝ ብል መዋሸት አይሆንም።

ወደ ፊት ጠርቼ በሰማንያ ልጆች ፊት አቆምኳቸው። ከመካከላቸው ማን እንደሠራና ማን እንደገለበጠ ጠየቅሁ። ልጅቷ አብረው እንደሠሩት ተናገረች፤ እኔም ይህንኑ ጥፋትን እንደ ማመን ወሰድኩት። የሌላውን ሥራ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ሌብነት ነው አልኩ። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት። ጣቴን ወደ አራቱ ዘርግቼ፣ “ከዛሬ ጀምሮ ሌባ ምን እንደሚመስል የማያውቅ ካለ እነዚህን ይይ” አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። አንዳንዱ የሳቀው ደስ ብሎት ሳይሆን መሳቅ የሚጠበቅበት መስሎት እንደሆነ አሁን ይገባኛል።

ኅዳር ላይ ቡና ሲደርስ የክፍሉ ግማሽ ለቀማ ወጣ፤ የሶሮቹ ግን እየቀነሱም ቢሆን ይመጡ ነበር። በዚያ ወር አንድ ጊዜ፣ በታኅሣሥ ደግሞ ሌላ ጊዜ እንደገና አንድ ዓይነት ስህተት አገኘሁባቸው። ሦስት ሆነ። ሃያውን ነጥብ ሰረዝኩ። ልጅቷ በፈተና ብቻዋን ተቀምጣ ያመጣችው ውጤት ደህና እንደነበር እያየሁ፣ እንዲህ የምትችል ልጅ ለምን ትኮርጃለች ብዬ አልጠየቅሁም። በጥር ሴሚስተሩ ሲያልቅ ውጤቷን ደመርኩ፤ አርባ ሰባት። ቀይ ማለት ነው። የአባቷ ንግግር ትዝ አለኝ፤ ሕግ ሕግ ነው ብዬ ፈርሜ ውጤቱን ሮስተር ለሚሞላው የክፍሉ ኃላፊ መምህር አስረከብኩ።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ከሰዓት በኋላ የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ እንድጎበኝ በሶር መንገድ ላይ ወዳለ የገበሬ ማኅበር ተላክሁ። የፈተና ወረቀት የመለስኩላቸው ያን ዕለት ነው። ከከተማው ወጥቼ ብዙም ሳልርቅ ከፊቴ ጭቅጭቅ ሰማሁ። አራቱ ልጆች ናቸው። በኦሮምኛ ይከራከራሉ፤ ከንግግራቸው ለይቼ የሰማሁት ቁጥሮቹንና ኤክስን ብቻ ነው። ጠብ መስሎኝ ልገላግል ፈጠን አልኩ፣ ከዚያ ግን ጠብ አለመሆኑን ሳይ ከኋላቸው ዝም ብዬ መከተል ጀመርኩ።

ልጅቷ ትልቅ የኮባ ቅጠል በግራ ክንዷ ላይ ዘርግታለች፤ በቀኝ እጇ እሾህ ይዛለች። አንዱ ልጅ ከፈተናው ወረቀት ጥያቄ ያነባል፤ እሷ ቅጠሉን በእሾህ ትጭራለች። የተጫረው ወዲያው አይታይም፤ ጥቂት እርምጃ ከሄዱ በኋላ እየጠቆረ ይወጣል። ሦስት ኤክስ ሲቀነስ አራት አሥራ አንድ ይሆናል የሚለው ላይ ደርሰዋል። አንዱ ልጅ አንድ መልስ ሲል ሌላው “ሚቲ፣ ሚቲ” ይላል፤ አይደለም ማለቱ ነው። ልጅቷ አምስት ብላ ጫረችና አምስቱን በኤክስ ቦታ መልሳ አስገብታ አሥራ አምስት፣ አራት ሲነሣለት አሥራ አንድ እያለች አሳየቻቸው። መልስን እንዲህ መልሶ መፈተሽ እኔ አላስተማርኳቸውም። እንዲያም ሆኖ አንዱ አላመነም። ሌሎቹ መንገድ ላይ ቆመው ጠበቁት። ከራሱ ጋር ሲያጉረመርም ቆይቶ እሺ ሲል ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ሄዱ።

ያን ጊዜ ገባኝ። አራት ሰው አንድ መጽሐፍ ይዞ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሄድ ሌላ ምን ያደርጋል? የቤት ሥራቸውን የሚሠሩት መንገድ ላይ ነው፤ አራቱም ካልተስማሙ መልስ አይሆንም። ተከራክረው ትክክሉ ላይ ሲስማሙ አራቱም ትክክል ይሆናሉ፤ ስህተቱ ላይ ሲስማሙ ደግሞ አራቱም ይሳሳታሉ። እኔ ኩረጃ ያልኩት በክፍሌ ውስጥ አንድም ጊዜ ላገኘው ያልቻልኩትን ክርክር ነው።

አንድ ወንዝ ጋ ሲደርሱ ልጅቷ ዞር ስትል አየችኝ። አልጮኸችም፣ አልሮጠችም። ቅጠሉን በሁለት እጇ ጠቅልላ ውሃው ላይ ጣለችው፤ አራቱም እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው እንደ ክፍል ውስጥ ተሰልፈው ቆሙ። እንዲህ ያፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትሠሩት ስል አንዱ ልጅ ቀስ ብሎ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ደህና ዋሉ ብዬ አለፍኳቸው፤ ሌላ የምለው ነገር ቢኖረኝ ጥሩ ነበር።

ቅዳሜና እሑድ እንቅልፍ ነሣኝ። ሰኞ ጠዋት ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብቼ የአራት ልጆች ውጤት ላስተካክል አልኩ። መምህር የፈረመበት ውጤት በቃል አይነካም አሉኝ። በኮሚቴ ካልታየ አይሆንም፤ ኮሚቴው ደግሞ ካርድ ከተሰጠ በኋላ ነው የሚሰበሰበው። ካርዱ የሚሰጠው በዚያው ሳምንት ስለሆነ ኮሚቴ እስኪሰበሰብ አባቷ ቀዩን ማየታቸው ነው።

በዚያ ዘመን ሰኞ ከሰዓት በኋላ የመምህራን የውይይት ክበብ ነበረን፤ የክበቡም ፍጻሜ ሂስና ግለሂስ ነው። ግድግዳው ላይ በተሰቀሉት የሶሻሊዝም ጺማሞች ሥዕሎች ሥር በተራ እየተነሣን ጥፋታችንን እንናዘዛለን። ሁላችንም ለዚህ የሚሆን ጉዳት የማያመጣ ጥፋት ተዘጋጅቶልን ነበር። አንዱ ሁልጊዜ ሰዓት አያከብርም፣ አንዱ ሁልጊዜ የማንበብ ጉድለት አለበት፤ የእኔ ድርሻ በስብሰባ ላይ ተሳትፎዬ ማነሱ ነበር። ጸሐፊው ገና ሳናወራ ጽፎ ይጨርሳል።

ያን ሰኞ ተራዬ ሲደርስ ተሳትፎዬን ትቼ አራት ተማሪዎችን በሐሰት እንደወነጀልኩና ውጤታቸውን ያለአግባብ እንደሰረዝኩ ተናገርኩ። ጸሐፊው እስክሪፕቶውን አቁሞ ቀና አለ። ሰብሳቢው ሂስ ያለው ካለ አሉ፤ ሂስ ያለው ጠፋ። በዚያ ቤት ሊስተካከል የሚችል ጥፋት የተናዘዘ ሰው ስላልነበረ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ አልነበረም። ከዚያ የቤት አያያዝ የሚያስተምሩት፣ ሁላችን እትዬ የምንላቸው ጠና ያሉ መምህርት የሚያጠልፉትን ዳንቴል ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ “ጥፋቱ ከታወቀማ ይታረም እንጂ፤ ታዲያ ለምንድን ነው በየሳምንቱ የምንሰበሰበው?” አሉ። ይህን መቃወም ክበቡን መቃወም ሆነ። ዳይሬክተሩም ሳይወዱ በግድ እዚያው ፈቀዱ። የሰረዝኩትን የቤት ሥራ መልሼ አረምኩ፤ ልጅቷ ስልሳ አንድ አገኘች። ካርዷ በሰማያዊ ተጻፈ።

ካርድ ሲሰጥ አባትየው መጥተው ወረቀቱን ገልብጠው ሲያዩት ከመምህራኑ ክፍል በመስኮት አየኋቸው። ፈገግ ብለው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። እኔም ነገሩን የጨረስኩ መሰለኝ። ያን ዕለት ራሴን ጢቢኛ ዳቦና ሻይ ጋብዤ አመሰገንኩ፤ ያጠፋውን ያረመ የመጀመሪያው መምህር እኔ ሳልሆን አልቀርም እያልኩ።

የሁለተኛው ሴሚስተር በየካቲት ሲጀመር ሦስተኛው ዴስክ ላይ ሦስት ልጆች ብቻ ነበሩ። እስከ ረቡዕ ጠበቅሁ። በመጨረሻ አንደኛውን ልጅ በረፍት ሰዓት ለብቻው ጠርቼ ጠየቅሁት። ካርድ በተሰጠ ቀን አባትየው በገበያው ሲያልፉ አንድ ጎረቤት፣ ያቺ መምህሩ በክፍሉ ፊት ሌባ ያላት የአንተ ልጅ አይደለችም ወይ ብሎ ጠይቋቸዋል። ቀዩን ነበር የፈራሁት። ስሟ በክፉ ቢነሣ ያሉትን ግን ዘንግቼዋለሁ፤ ያን ደግሞ በሮስተር ላይ የሚያርመው እስክሪፕቶ የለም።

በዚያው ቀን ከትምህርት በኋላ ከሦስቱ ልጆች ጋር ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ አንድም ስለ ሒሳብ አልተወራም። ወንዙ ማዶ ቤቱን በእጃቸው አሳይተውኝ በየመንገዳቸው ተለያዩ። አባትየው ደጃቸው ላይ ቀፎ ይጠግኑ ነበር፤ ተነሥተው በክብር ተቀበሉኝ፣ የምቀመጥበት ዱካም አወጡልኝ። ልጅቷ በጣሳ እርጎ ይዛ መጣችና ሰጥታኝ ልትመለስ ስትል አባቷ አስቀሯት። ዘበኛው የለ፣ ሌላ አማርኛ የሚሰማ ሰው በቤቱ የለ። ንግግሬን የምታስተረጉም እሷ ሆነች።

መንገድ ላይ ሳዘጋጀው የነበረውን ተናገርኩ። “ልጅዎ ሌባ አይደለችም። አብረው ሠርተው ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው” አልኩ። ልጅቷ መሬት መሬቱን እያየች በኦሮምኛ መለሰችላቸው። በእነዚያ ወራት ኦሮምኛዬ ከሰላምታ ጥቂት አልፎ ነበርና አዳመጥኩ፤ ሌባ አለመሆኗን ተናገረች፣ አብረው መሥራታቸውን ተናገረች፣ እዚያ ላይ አቆመች። መምህሯ በአባቷ ፊት እንዲዋረድ አልፈለገችም። ሌባ ያልኳት ልጅ ለእኔ ክብር ትጠነቀቅ ነበር።

ስለዚህ የቀረውን ራሴ ሞላሁት። “ባሌሳን ከን ኮቲ” አልኩ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት ነው። አነጋገሬ ሳያስቅ አይቀርም፤ ማንም ግን አልሳቀም።

አባትየው እኔን ጥቂት አዩኝ፣ ከዚያ ልጃቸውን አዩ። አጭር ነገር ተናገሩ። ልጅቷ አልተረጎመችልኝም። እሳቸውም ደገሙት፤ መተርጎሟ የግድ መሆኑን ስታውቅ በዚያ ዝግ ባለ ድምፅዋ፣ “‘ሌባ ያሉት እኔን ነው ወይ?’ ይላሉ አባቴ” አለች።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጥፋቴን ለዳይሬክተሩ ተናግሬያለሁ፣ በክበቡ ፊት ተናዝዣለሁ፣ አሁን ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል ተጉዤ ለአባቷ እየተናገርኩ ነበር። ለእሷ ግን አንድም ቃል አላልኩም። ይባስ ብዬ ይቅርታዬን በራሷ አፍ ለሌላ ሰው አስተላለፍኩት። ጣሳውን መሬት አስቀመጥኩና ከዱካው ተነሥቼ ወደ እሷ ዞርኩ። በዚያ ዘመን መምህር ለተማሪ ይህን ሲል አልሰማሁም፤ እንዴት እንደሚባልም አላውቅበትም ነበር። እንደምንም አወጣሁት። በድዬሻለሁ፣ አንቺም ጓደኞችሽም ትክክል ነበራችሁ፣ ይህንኑ ነገ ጠዋት ያን ቃል በተናገርኩበት ቦታ፣ በእነዚያው ልጆች ፊት እደግመዋለሁ አልኩ።

ይህን ለአባቷ አልተረጎመችላቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቋት። ወደ ቀፏቸው ተመልሰው ተቀመጡ። እሷ ጣሳውን ከመሬት አንሥታ ቀና አለችና በሌለችባቸው ቀናት በመጽሐፉ ስንት ገጽ እንዳለፍን ጠየቀችኝ።